ጉቶው ያልሞተ ተራራ፦ ደን ሳይተከል እንዴት ይመለሳል?

ክረምት ላይ ችግኝ ተክላችሁ ታውቃላችሁ? አብዛኞቻችሁ «አዎ» እንደምትሉ እገምታለሁ። በትምህርት ቤት፣ በቀበሌ ወይም በመሥሪያ ቤት ተጠርቶ ዶማና አካፋ ይዞ ያልወጣ ሰው ማግኘት ይከብዳል። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ብቻ ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉን መንግሥት አስታውቆ ነበር። አሁን ሁለተኛ ጥያቄ ልጨምር፦ የተከላችሁትን ችግኝ በዓመቱ ሄዳችሁ አይታችሁታል?

ዝም አላችሁ አይደል? ግዴለም፣ አብዛኛው ሰው ተመልሶ አያይም። የችግኙ ፈተና ግን የሚጀምረው እኛ ፎቶ ተነስተን ወደ ቤት ከተመለስን በኋላ ነው። ችግኝ ጣቢያ ውስጥ ጥላ ተደርጎለት፣ ውሃ እየጠጣ፣ በላስቲክ ከረጢት ያደገ ተክል በድንገት ድንጋያማ ተዳፋት ላይ ብቻውን ይቀራል። ሥሩ ከስንዝር ብዙም አይበልጥም። መስከረም አልቆ ዝናቡ ሲቆም የላይኛው አፈር ይደርቃል፤ እርጥበቱ ወደ ታች ይሸሻል፤ ሥሩ ደግሞ ተከትሎ ለመውረድ ጊዜ አላገኘም። በዚያ ላይ ፍየል አለች።

ይህን የምጽፈው ችግኝ መትከልን ለመንቀፍ አይደለም። መትከል ግዴታ የሚሆንባቸው ቦታዎች አሉ፤ እነሱንም እናያለን። ግን ብዙ ጊዜ የተራቆተ ተራራ ስናይ «እዚህ ምንም የለም» ብለን እንጀምራለን። እውነቱ ግን ብዙ ጊዜ ሌላ ነው። ዛፎቹ አሉ፤ ያሉት ከመሬት በታች ነው።

ከመሬት በታች ያለው ደን

አንድ ግራር በመጥረቢያ ሲቆረጥ የሚወሰደው ግንዱና ቅርንጫፉ ነው። ሥሩ ግን እዚያው ይቀራል፤ ለዓመታት ወደ ታችና ወደ ጎን ተዘርግቶ፣ ድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ ገብቶ፣ ውሃ ያለበትን ቦታ አውቆ የተቀመጠ ሥር ነው። ውስጡ ደግሞ ስንቅ አለ። ዛፉ ቅጠል በነበረው ጊዜ በፎቶሲንተሲስ ካመረተው ስኳር የተወሰነውን ወደ ስታርች ለውጦ ሥሩ ውስጥ አጠራቅሟል። ባንክ ሂሳብ በሉት።

ከጉቶው ቅርፊት ሥር ደግሞ ገና ያልነቁ የቡቃያ ጥንስሶች አሉ። ዛፉ ቆሞ ሳለ እነዚህ ጥንስሶች ዝም ይላሉ፤ ዝም የሚያሰኛቸው ከዛፉ ጫፍ ላይ ተመርቶ ወደ ታች የሚወርድ ኦክሲን የተባለ ሆርሞን ነው። ጫፉ ሲቆረጥ መልእክቱ ይቋረጣል። «አለቃው የለም» እንደማለት ነው። ያን ጊዜ ጥንስሶቹ ይነቃሉ፤ ከሥሩ ስንቅ ይወስዳሉ፤ ጉቶው ዙሪያውን በቡቃያ ይሞላል። አማርኛችን ለዚህ ነገር አንድ ቃል አለው፦ ማቆጥቆጥ። «ቆጥቋጦ» የምንለውም ከዚሁ የመጣ ነው፤ እንግዲህ ቋንቋው ራሱ ነገሩን ቀድሞ ያውቀዋል ማለት ነው። ተራራ ላይ ቁጥቋጦ ብለን የምናልፈው ነገር ብዙ ጊዜ የራሱ የቻለ ትንሽ ተክል ሳይሆን ተቆርጦ እንደገና ለመነሳት የሚታገል ትልቅ ዛፍ ነው።

ታዲያ ለምን አይነሳም? ሂሳቡን ተከተሉት። ጉቶው ያቆጠቁጣል፤ ለዚህም ከስታርቹ ያወጣል። ቡቃያው ለምለም፣ ለስላሳና ጣፋጭ ነው፤ ፍየል ትበላዋለች። በሚቀጥለው ዝናብ ደግሞ ያቆጠቁጣል፤ ደግሞ ያወጣል። ዘንድሮ ትንሽ ከፍ ካለ ለማገዶ ይቆረጣል። ወጪ እንጂ ገቢ የለም፤ ምክንያቱም ቅጠሉ ብድሩን የሚመልስበት ዕድሜ ላይ አይደርስም። እንዲህ እያለ አንዳንዱ ጉቶ ለአሥርተ ዓመታት በጉልበት ቁመት ይኖራል። በመጨረሻ ስንቁ ሲያልቅ፣ ወይም ሰው ሥሩን ራሱን ለከሰል ሲቆፍረው፣ በቃ ይሞታል።

ስለዚህ ሥራው ግልጽ ነው፦ ያንን ወጪ ለጥቂት ዓመታት ማቆም። ስብሰባ ላይ ደጋግማችሁ የምትሰሟት «ከሰውና ከእንስሳት ንክኪ ነፃ ማድረግ» የምትባለው ሐረግ ቢሮክራሲ ቢሮክራሲ ትሸታለች እንጂ ውስጧ ይህ ሁሉ ባዮሎጂ አለ።

ኒጀር፣ 1983

ይህን ነገር ለዓለም በደንብ ካስታወቁት አንዱ ቶኒ ሪናውዶ የተባለ አውስትራሊያዊ የግብርና ባለሙያ ነው። በ1980ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ኒጀር ውስጥ ማራዲ በተባለ አካባቢ ችግኝ እያስተከለ ይሠራ ነበር፤ ከተተከለው አብዛኛው ይደርቃል። በ1983 አንድ ቀን ችግኝ ጭኖ ሲሄድ የመኪናው ጎማ አሸዋ ላይ እንዲሄድለት አየር ለማስተንፈስ ይቆማል። አጠገቡ ያለውን ቁጥቋጦ ጠጋ ብሎ ሲያይ ቅጠሉን ያውቀዋል። ዛፍ ነው፤ ከተቆረጠ ጉቶ ያቆጠቆጠ ዛፍ። ቀና ብሎ ሲያይ ሜዳው በሙሉ እንደዚያው ነው።

የተከተለው ዘዴ አስቂኝ በሆነ ደረጃ ቀላል ነው። አንድ ጉቶ ሃያ ወይም ሠላሳ ቡቃያ ያወጣል፤ ሁሉም አንድ ሥር ላይ ይሻማሉ። ገበሬው ቀጥ ያሉትንና ጠንካራዎቹን ጥቂቶች፣ ለምሳሌ ከሦስት እስከ አምስት፣ ይመርጥና ሌላውን ያሳሳል። በተመረጡት ላይ ደግሞ ከታች እስከ ግማሽ ቁመታቸው ድረስ ያሉትን የጎን ቅርንጫፎች ይመለምላል። የተቆረጠው ለማገዶ ይሆናል። በቃ። የሚገዛ ነገር የለም፤ ቢላ ወይም መጥረቢያ ካለ ይበቃል። ሥሩ ትልቅ ስለሆነ የተመረጠው ቡቃያ በአንድ ዓመት ውስጥ ችግኝ በብዙ ዓመት የማይደርስበት ቁመት ላይ ሊደርስ ይችላል።

ከሃያ ዓመት በኋላ የሳተላይትና የአየር ፎቶዎችን ያነጻጸሩ ተመራማሪዎች በደቡብ ኒጀር 5 ሚሊዮን ሄክታር ገደማ የሚሆን መሬት በገበሬዎች እጅ ዛፍ መልሶ ማልበሱን አዩ። ይህን ያደረገው ግን መመልመል ብቻ አልነበረም። ከቅኝ ግዛት ዘመን ጀምሮ በኒጀር ዛፍ የመንግሥት ንብረት ተደርጎ ይቆጠር ነበር፤ ገበሬ በገዛ ማሳው ላይ የበቀለውን ቢቆርጥ ሊቀጣ ይችላል። ሊቀጣበት የሚችለውን ነገር ማን ያሳድጋል? ቡቃያውን ገና ሲወጣ ነቅሎ መጣል ይሻለዋል። ያ አሠራር መላላት ሲጀምርና ገበሬው «ያሳደግኩት የኔ ነው» ማለት ሲችል ነው ዛፉ የተስፋፋው። ይህን ነጥብ ያዙልኝ፤ ወደ ኢትዮጵያ ስንመጣ ያስፈልገናል።

ዝናቡ ተዳፋቱ ላይ ሲወርድ

እዚህ ላይ ትንሽ ወደ ራሴ ሙያ ልሳባችሁ። እኔ የተማርኩት የውሃ ምህንድስና ነው፤ ደን ለኛ ስሌት ውስጥ የምትገባ አንዲት ቁጥር ናት፣ የወረደው ዝናብ ምን ያህሉ ጎርፍ እንደሚሆን የምትነግር። ቁጥሯ ትንሽ ትመስላለች፣ የምታደርገው ግን ብዙ ነው።

1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ላይ ሲወርድ 1 ሊትር ነው። አንድ ሄክታር 10,000 ካሬ ሜትር ነው። ስለዚህ በአንድ ከሰዓት በኋላ 30 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ አንድ ሄክታር ላይ 300,000 ሊትር ይወርዳል፤ 10,000 ሊትር በሚጭን የውሃ ቦቴ ብትቆጥሩት 30 ቦቴ ማለት ነው። ተዳፋቱ ራቁት ሆኖ ግማሹ ቢንሸራተት 15 ቦቴ ውሃ ከአንድ ሄክታር ብቻ ቁልቁል ይለቀቃል። ተራራው ደግሞ መቶ ሄክታር ሊሆን ይችላል። ከታች ማሳ አለ፣ መንገድ አለ፣ ቤት አለ።

የጠብታው ነገርም ቀላል አይደለም። ትልቅ የዝናብ ጠብታ መሬት የሚመታው በሰከንድ 9 ሜትር ገደማ ፍጥነት ነው፤ በሰዓት 32 ኪሎ ሜትር፣ ባጃጅ በሜዳ መንገድ የምትሄደውን ያህል። ራቁት አፈር ላይ ሲያርፍ የአፈሩን ቅንጣቶች ይበታትናል፤ የተበታተነው ደቃቅ አፈር ቀዳዳዎቹን ይደፍናል፤ መሬቱ ላይ ቅርፊት መሳይ ነገር ይሠራል፤ ከዚያ በኋላ የሚዘንበው ውሃ መግቢያ ያጣል። ቦረቦር የሚጀምረው ከዚህ ነው።

ብዙ ሰው ተራራውን የሚያድነው የዛፉ ጥላ ይመስለዋል። እንዲያውም ከረጅም ዛፍ ቅጠል ላይ ተጠራቅሞ የሚወርድ ጠብታ ከዝናቡ ሊከፋ ይችላል። ዋናው ሥራ የሚሠራው መሬቱ ላይ ያለው ነው፦ ሣሩ፣ ቁጥቋጦው፣ የረገፈው ቅጠል፣ ብስባሹ። ከሥሩ ቅጠሉ ሁሉ ለማገዶ የተጠረገበት የባሕር ዛፍ ተክል ውስጥ ገብታችሁ መሬቱን ብታዩ ነገሩ ይገባችኋል፤ ከላይ አረንጓዴ፣ ከታች የታጠበ። በትግራይ ተዳፋቶች ላይ የተደረገ አንድ ልኬት ደግሞ በጣም ደስ ይለኛል፦ የተከለለው መሬት ላይ የዕፅዋት ሽፋኑ ከ65 በመቶ ሲያልፍ ጎርፉ ከቁጥር የማይገባ ሆኖ ተገኝቷል። ልብ በሉ፣ 100 በመቶ አላለም። ትልልቅ ዛፍም አላለም። ስለዚህ ደኑ «ደን» ከመምሰሉ ከብዙ ዓመት በፊት ውሃውን መያዝ ይጀምራል።

(«ታዲያ ምንጩም ይመለሳል?» ካላችሁ፦ በአንዳንድ ቦታ አዎ፣ በሁሉም ግን አይደለም። ዛፍ ውሃ ያስገባል፣ ራሱም ይጠጣል። የትኛው እንደሚበልጥ የሚወሰነው በአፈሩ፣ በዝናቡና በዛፉ ዓይነት ነው። ደን ሁሉ ምንጭ ያፈልቃል የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ትንሽ ተጠራጠሩ።)

ጉቶ የሌለበት ቦታ

እንግዲህ ዘዴው ተዓምር አይደለም። ግራር፣ ወይራ፣ ክትክታ እና ሌሎች ብዙዎች ያቆጠቁጣሉ። ጥድ ግን አያቆጠቁጥም፤ ከተቆረጠ ተቆረጠ ነው። የደጋውን ጥድ ለመመለስ ዘር ወይም ችግኝ ያስፈልጋል።

«ዘሩ አፈር ውስጥ ተቀብሮ ይጠብቅ የለ?» ልትሉ ትችላላችሁ። ፕሮፌሰር ደመል ተከታይ በኢትዮጵያ ደረቅ የደጋ ደኖች አፈር ውስጥ ያለውን ዘር አጥንተው ያሳዩት ነገር ተስፋ የሚያስቆርጥ ነው፦ አፈሩ ውስጥ የሚጠብቀው በአብዛኛው የሣርና የአረም ዘር ነው፤ የዛፎቹ ዘር አብዛኛው ረጅም ጊዜ ተቀብሮ አይቆይም። ስለዚህ ጉቶውም ከጠፋ፣ አካባቢው ላይ እናት ዛፍ ከሌለ፣ አጥር ብቻውን ዛፎቹን አይመልስም።

እናት ዛፎቹ ደግሞ የት እንዳሉ ታውቃላችሁ። በጎንደር፣ በጎጃም ወይም በወሎ መንገድ ላይ ስትሄዱ በተራቆተ ሜዳ መሐል ክብ አረንጓዴ ነገር ካያችሁ ውስጡ ቤተ ክርስቲያን አለ። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ የቤተ ክርስቲያን ደኖችን ለዓመታት አጥንተዋል፤ ካገኟቸው ነገሮች አንዱ ደኑ ውስጥ ከብት በነፃነት ሲገባ የዛፎቹ ቡቃያዎች እንደማይተርፉ ነው። ደኑ ዙሪያ የድንጋይ አጥር መሥራት የተጀመረውም ለዚህ ነው።

ዘሩን ከዚያ ወደ ተራራው የሚወስደው ማን ነው? ወፍ። ወይራ ፍሬዋ በወፍ ሆድ ተጉዛ ወፏ በምታርፍበት ቦታ ትወድቃለች፤ ወፍ ደግሞ ባዶ ሜዳ ላይ አታርፍም፣ ቁጥቋጦ ላይ እንጂ። በሰሜን ኢትዮጵያ የተደረጉ ጥናቶች የወይራ ቡቃያ በተለይ ደደሆ ሥር ተጠልሎ እንደሚተርፍ አሳይተዋል፤ ደደሆው ከፀሐይና ከከብት ይጋርደዋል። «ይህ የማይረባ ቁጥቋጦ ይመንጠርና ችግኝ እንትከል» የሚል ዕቅድ ብዙ ጊዜ ሞግዚቷን አባርሮ ሕፃኑን እንደመቀበል ነው።

ሁምቦ፦ ተራራው የማን ነው?

እስካሁን ያወራነው ቀላሉን ክፍል ነው። ከባዱ ሰው ነው።

ወላይታ ውስጥ ሁምቦ የሚባል ወረዳ አለ። ተራራው ደኑን ካጣ ቆይቷል፤ የቀረውም ለማገዶና ለከሰል ሲቆረጥ፣ ለግጦሽ ሲዋል ነበር። በ2000ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) ወርልድ ቪዥን ከአካባቢው ሰው ጋር ሆኖ ኒጀር ውስጥ የታየውን ዘዴ እዚህ ለመሞከር ተነሳ። 2,728 ሄክታር ተከለለ፤ ሰባት የኅብረት ሥራ ማኅበራት ተቋቋሙ። ከዘጠና በመቶ በላይ የሚሆነው ቦታ የተመለሰው በችግኝ ሳይሆን ሕይወት ካላቸው ጉቶዎች ነው።

መጀመሪያ ላይ ግን ሕዝቡ ፈርቶ ነበር። አትፍረዱበት። «ለናንተ ጥቅም እንከልለው» የሚል ሰው መጥቶ መሬት ሲከለል፣ ከዚያ በኋላ መሬቱ የማን እንደሚሆን ታሪክ ያስተማረው ሕዝብ ነው። በአዋጅ ቁጥር 542/1999 የሕግ ስም የነበራቸው ሁለት የደን ዓይነቶች ብቻ ነበሩ፦ የመንግሥትና የግል። «የማኅበረሰብ ደን» ራሱን የቻለ ባለቤትነት ሆኖ በግልጽ የገባው በአዋጅ ቁጥር 1065/2010 ነው። ከዚያ በፊት ተራራውን ለሃያ ዓመት የጠበቀ መንደር «ደኑ የኛ ነው» ሲል የሚያሳየው ወረቀት ምን እንደሆነ ግልጽ አልነበረም። የሁምቦ ማኅበራት ሥራ ሲጀምሩ የመጠቀም መብታቸውን በሰነድ ማግኘታቸው ለዚህ ነው ትልቅ ነገር የሆነው። በኔ ግምት ከመጥረቢያውና ከመመልመሉ ይልቅ ደኑን ያቆመው ያ ወረቀት ነው።

ሁምቦ ዓለም አቀፍ ዝና ያገኘው ግን በካርቦን ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 መጨረሻ በተባበሩት መንግሥታት የንጹህ ልማት አሠራር ተመዘገበ፤ በአፍሪካ በዚህ ስፋት የመጀመሪያው የደን ፕሮጀክት ነበር። በ30 ዓመት ውስጥ 880,000 ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአየር ላይ እንደሚወስድ ተገምቷል። አካፍሉት፦ በአንድ ሄክታር በዓመት 11 ቶን አካባቢ ይመጣል። ከዚህ ውስጥ 165,000 ቶኑን ለመግዛት የዓለም ባንክ ባዮካርቦን ፈንድ ውል ገባ።

«ካርቦን ይሸጣል» ሲባል ግራ ለሚገባችሁ፦ የሚሸጠው ጭስ አይደለም፣ ልኬት ነው። ዛፉ በደረት ቁመት፣ 1.3 ሜትር ላይ፣ ውፍረቱ ይለካል። ከውፍረቱ ተነስቶ የደረቅ ክብደቱ በቀመር ይገመታል። ከደረቅ እንጨት ክብደት ግማሽ ያህሉ ካርቦን ነው። ካርቦኑን በ3.67 ስታባዙት ዛፉ ከአየር ላይ የወሰደው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይመጣል። 100 ኪሎ ደረቅ እንጨት ያለው ዛፍ እንግዲህ 180 ኪሎ ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይዞ ቆሟል ማለት ነው። በ2012 ሁምቦ ለ73,000 ቶን ገደማ ማረጋገጫ አገኘ። ማረጋገጫው ግን ጊዜያዊ የሚባል ዓይነት ነው፤ ደን ሊቃጠል፣ ሊቆረጥ ይችላልና ዛፎቹ አሁንም መቆማቸው በየጊዜው ይታያል።

ማገዶ የምትሸከመዋ ሴት

አሁን ወደማይመቸው ጥያቄ። ተራራው ሲከለል ማን ይጎዳል?

ከብት ያለው ሰው የግጦሽ ቦታ ያጣል፤ ግን በኋላ ሣሩን አጭዶ ወስዶ ቤት ያስራል፤ ልቅ ግጦሽ ሲቀር ሣሩ ስለሚበዛ ብዙ ጊዜ አይከስርም። ከብት የሌላት፣ መሬት የሌላት፣ ከተራራው ማገዶ ለቅማ ገበያ በምትሸጥ ሴት ላይ ግን የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ይከብዳሉ። ጥቅሙ የሚመጣው ከሦስትና ከአራት ዓመት በኋላ ነው፤ እሷ የምትበላው ግን ዛሬ ነው። እሷ ሌላ መንገድ ካልተከፈተላት ወደሚቀጥለው ያልተከለለ ተራራ ትሄዳለች። ተራራ ሀ ሲያገግም ተራራ ለ ይላጫል። ወረቀት ላይ ግን ተራራ ሀ ብቻ ስለሚለካ ሁሉም ያምራል። ከመመልመል የሚገኘው ጭራሮ ለማን እንደሚደርስ፣ ሣሩ በቤት ቁጥር ይከፋፈል ወይስ በከብት ቁጥር የሚለው ክርክር ትንሽ መስሎ የሚታየን ስብሰባው ላይ ስላልተቀመጥን ነው። በከብት ቁጥር ከተከፋፈለ ከብት የሌላት ምንም አታገኝም፤ በቤት ቁጥር ከሆነ ግን ድርሻዋን ትሸጣለች።

ባሌ አካባቢ በአዳባና ዶዶላ እ.ኤ.አ. በ2000 የተጀመረው አሠራር ይህን በቁጥር ሊመልስ ሞከረ። በአፋን ኦሮሞ የደን ነዋሪዎች ማኅበር የሚል ትርጉም ያላቸው ቡድኖች ተቋቋሙ፤ ለአንድ ቤተሰብ 12 ሄክታር ደን ያስፈልጋል ተብሎ ተሰላ፤ አንድ ቡድን ከ30 ቤተሰብ አይበልጥም፤ 360 ሄክታር መሆኑ ነው። ስሌቱ እንደ መሐንዲስ ይማርከኛል፤ ደኑ የሚችለው የተወሰነ ነውና። ግን 31ኛው ቤተሰብስ? በር ላይ የቀረው ጎረቤት ደኑን የሚያይበት ዓይን ከአባሉ ዓይን ይለያል፤ እሱን የረሳ ደንብ ጠባቂ መቅጠሩ አይቀርም።

ብዙ ምሁራን «የጋራ የሆነ ነገር መጥፋቱ አይቀርም፤ ወይ ለግለሰብ ይሰጥ፣ ወይ መንግሥት ይያዘው» ሲሉ ኖረዋል። ኤሊኖር ኦስትሮም የስዊዘርላንድን የተራራ ግጦሽ፣ የጃፓንን የመንደር ደኖች፣ የስፔንን የመስኖ ቦዮች አጥንታ ለዘመናት በጋራ ተጠብቀው የቆዩ እንዳሉ አሳየች፤ በ2009 የኢኮኖሚክስ ኖቤል ሽልማትን ያገኘች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። የኛዎቹም መንዞች የጓሳን ሣር እየዘጉና እየከፈቱ ለ400 ዓመት ገደማ ጠብቀውታል። ኦስትሮም ካገኘቻቸው ነገሮች አንዱን ግን ያለ መጽሐፍ ታውቁታላችሁ፦ ቅጣት ከትንሽ ይጀምር። እድር ላይ አንድ ቀን ቀብር የቀረ ሰው ጥቂት ብር ይቀጣል፤ ደጋግሞ የቀረ ብዙ ይከፍላል፤ እስከ መጨረሻው የቀረ ይሰረዛል። የመጀመሪያው ቀን ላይ የሚያባርር እድር ግን አይተን አናውቅም። አንዲት ፍየል ሾልካ ገባች ብሎ ባለቤቷን እስር ቤት የሚያስገባ የደን ደንብም ማንም አያስፈጽመውም፤ ጠባቂው ራሱ ጎረቤት ነውና አይቶ እንዳላየ ያልፋል።

አሁን ደግሞ አዲስ ጥያቄ መጥቷል፤ የናንተ ዕድሜ ጥያቄ ነው። ተራሮቹ ሲከለሉ ደንቡን ያወጡት አባቶች ናቸው። ከዚያ በኋላ የተወለዱት መሬት የላቸውም፣ ስብሰባው ላይም አልነበሩም። በትግራይና በአማራ ክልሎች ያገገሙ ተዳፋቶች ላይ መሬት የሌላቸው ወጣቶች ተደራጅተው ንብ እንዲያንቡ የተሰጣቸው በዚህ ምክንያት ነው። ቀፎ ዛፍ አያስቆርጥም፤ እንዲያውም ባለ ቀፎው ያለ ደመወዝ ጠባቂ ይሆናል።

ግን እዚህም ክርክር አለ። ንብ መስከረምና ጥቅምት ላይ አበባ ትፈልጋለች፤ አደይ አበባውና የሣሩ መሐል የሚያብበው ሁሉ የዓመቱን ማር የሚሠራው በነዚያ ሳምንታት ነው። ከብት ያላቸው ደግሞ ሣሩ ሳይደርቅ መታጨድ አለበት ይላሉ፤ ሣር ካፈራ በኋላ እየጠነከረ ፕሮቲኑም እየቀነሰ ይሄዳልና እውነታቸውን ነው። ሁለቱም ትክክል ናቸው። አጨዳው የሚጀመርበትን ቀን ማኅበሩ በየዓመቱ ቁጭ ብሎ መወሰን አለበት፤ ዘንድሮ በስብሰባው ላይ እጅ የማውጣት መብት ያላቸው እነማን እንደሆኑ ደግሞ መተዳደሪያ ደንቡ ላይ መጻፍ አለበት።